ሪሎቹን ከማስወገዳችሁ በፊት፦ ከጡረተኛ የሙዚቃዊ ድራማ ተዋንያን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንግሥት ቴአትር ቤቶች ሥራ አስኪያጆች፣
ለባህልና ኪነ ጥበብ ጉዳይ ኃላፊዎች፣
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች በሙዚቃዊ ድራማ ሠርተን ጡረታ የወጣን ተዋንያን፣ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ነን። ብዙዎቻችን ሦስቱንም ነበርን።

ብዕር እንድናነሳ ያደረገን አንድ ውሳኔ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ያገለገሉበት አንድ ቴአትር ቤት ለእድሳት ሲባል መጋዘኑን ለማጽዳት ወስኗል። «አገልግሎት የማይሰጡ ንብረቶች» እንዲወገዱ ዝርዝር ተዘጋጅቷል። ዝርዝሩን ያየ የቀድሞ ባልደረባችን ደንግጦ ደወለልን። የተሰበሩ ወንበሮች አሉበት። ያረጁ መጋረጃዎች አሉበት። የድራማዎቻችን ድምፅ የተቀረጸባቸው ጥቅል የመቅረጫ ክሮች፣ ሪል ቴፖች፣ እና በገመድ የታሰሩ ቃለ ተውኔቶችም እዚያው ውስጥ ናቸው። በማግሥቱ ሄደን ጠየቅን። «ከንብረት ክፍል ጋር ተነጋገሩ» ተባልን። ንብረት ክፍል ደግሞ «ኮሚቴው ነው የወሰነው» አለን። ከኮሚቴው ውስጥ መድረክ ላይ የቆመ ሰው እንዳለ ጠየቅን። የለም።

የቤቱን ስም አንጠራም። ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ደብዳቤው ለሁላችሁም ነው።

ወንበሩን አስወግዱት፤ ቅሬታ የለንም። ለሪሉና ለጽሑፉ ግን እንሟገታለን። ምክንያቱን በዝርዝር እናስረዳ።

ሙዚቃዊ ድራማ እንዴት እንደሚሠራ ያላየ ሰው «ጽሑፉ ካለ ምን ጎደለ?» ሊል ይችላል። ጽሑፉ ግን የሥራውን ግማሽ እንኳ አይዝም። በታይፕ ተመትቶ በስቴንስል የተባዛው ወረቀት ላይ ግጥሙ አለ፣ ዜማው የለም። «እዚህ ላይ ይዘፍናሉ» ይላል። በየትኛው ቅኝት? ማን ጀምሮ ማን ይቀበላል? ባንዱ የሚገባው በየትኛው ቃል ላይ ነው? ተወዛዋዦቹ ከግራ ነው ከቀኝ የሚወጡት? ይህን ወረቀቱ አይነግራችሁም። በየቤቱ ኖታ የሚያነቡ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ እኛ ተዋንያኑ ግን ዜማውን የተማርነው በቃል ነው። ዜማ ደራሲው በክራር ወይም በአኮርዲዮን እየመራ፣ አንዷን ስንኝ እየደጋገመ፣ ድምፃችን እስኪዘጋ ያስጠናን ነበር።

በሙዚቃዊ ድራማ ውስጥ ዘፈኑ ከታሪኩ አይነጠልም። መርዶ ሲመጣ ባንዱ ከባቲ ቅኝት ወደ አንቺ ሆዬ ቅኝት ይዞራል። ተዋናዩ ገና አፉን ሳይከፍት አዳራሹ ነገሩ ይገባዋል። ተዋናዩም የሚናገረውን ድምፅ ወደ ቅኝቱ ሲያመጣ ንግግሩ የት አልቆ ዘፈኑ የት እንደጀመረ ተመልካቹ እንዳያውቅ ማድረግ አለበት። የሙያው ትልቁ ፈተና ይህ ነበር። ከሺህ ሰው በላይ በሚይዝ አዳራሽ፣ የዛሬው ዓይነት የአንገት ማይክ በሌለበት፣ እየጨፈርን የመጨረሻው ወንበር ድረስ ቃል ሳይጠፋን ማድረስ ነበረብን። ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ በልምምድ ነው የሚታወቅ። ይህ ሁሉ የሚገኘው በሪሉ ላይ ነው። ከሪሉ ቀጥሎ የሚገኘው በእኛ ዘንድ ነው።

ሪል ቴፕ ለዘላለም አይኖርም። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ድምፁን የያዘው ሽፋን ይላላል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ያለ ጥንቃቄ ያጫወቱት እንደሆነ እየተላጠ ይቀራል። ማጫወቻ ማሽኑም ከገበያ ከወጣ ዘመን አልፎታል። ስለዚህ «አንጥለውም፣ ለጊዜው ይቀመጥ» የሚለው መልስ አያረካንም። ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ቀስ ብሎ መጣል ነው።

ከመካከላችን ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ አሉ። ሰማንያን አልፈዋል። የሠሩባቸውን ድራማዎች ዜማ ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቃሉ። የራሳቸውን ክፍል ብቻ አይደለም፤ የሴቶቹንም፣ የአጃቢዎቹንም። «ሦስተኛው ገቢር ላይ እንዴት ነበር?» ብትሏቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ይጀምሩላችኋል። እስከ ዛሬ ከአንድም መሥሪያ ቤት መቅረጫ ይዞ በራቸውን ያንኳኳ የለም። የልጅ ልጃቸው ነው በስልኩ የሚቀርጻቸው። ልጁ ይመስገን። ሥራው ግን የእሱ አልነበረም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንድ ኃላፊዎች ሙዚቃዊ ድራማን የበዓል ማሟሟቂያ አድርገው ሲናገሩ እንሰማለን። «ቁም ነገር ያለው ቴአትር» ሌላ፣ የእኛ ደግሞ ጨዋታ። ይህ ታሪኩን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ጠላት ሊመጣ ሲል ሕዝቡን ለማነሳሳት ንግግሩም፣ ግጥሙም፣ ዘፈኑም በአንድ መድረክ ቀረበ። ከጣሊያን በኋላም ድራማውና ሙዚቃው፣ ውዝዋዜውም ጭምር፣ አብረው ቀጠሉ። ተመልካቹ በአንድ ቲኬት ሁሉንም ያያል። በ1948 የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ቤቱ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። እንደ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ የሙዚቃ ሰዎች ከቴአትሩ ሰዎች ጋር ይሠሩ ነበር። ያ የሆነው መድረኩ ያለ ሙዚቃ ስለማይቆም ነው።

ስለዚህ ሙያ ስንናገር አስናቀች ወርቁን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። አስኒ የምንላትን።

አስናቀች ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች ሴት ናት። ክራሩን ይዛ ያደገችው በራሷ ጥረት ነው። መድረክ ላይ የወጣችው ደግሞ ሴት በመድረክ ላይ በማይታይበት ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሻሽ አስረው፣ ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ አገሩ ሁሉ «አባባ ተስፋዬ» እያለ የሚጠራቸው፣ የሴት ሚና ከተጫወቱት አንዱ ነበሩ። አስናቀች ያንን ዘመን ከዘጉት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆነች። ይህን ማድረግ ዛሬ እንደሚወራው ቀላል አልነበረም። በሕዝብ ፊት የምትዘፍን ሴት ምን ትባል እንደነበር እናቶቻችሁን ጠይቁ። ቤተሰብ ይቆርጣል፣ ሠፈር ይሳደባል፣ አከራይ ቤት ይከለክላል። ከእሷ በኋላ የመጣን ሴቶች እንኳ ይህን ሁሉ አይተናል። እሷ ግን መንገዱ ሳይጠረግ ነው የሄደችበት።

ተዋናይት ነበረች፣ ድምፃዊት ነበረች፣ ተወዛዋዥ ነበረች፣ ክራር ደርዳሪ ነበረች። አንዱን ከአንዱ ለይታ አልሠራችም። ክራር ይዛ ስትቀመጥ ትወናው አብሯት ይቀመጣል። ስንኟን ስትጥል ዓይኗ፣ አንገቷና ትከሻዋ ሌላ ስንኝ ይጨምራሉ። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር ሲቀባበሉ የሰማ ሰው ምን ማለታችን እንደሆነ ያውቃል። የሁለት ሰው ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ጸብ ያለበት፣ ዕርቅ ያለበት፣ ሽሙጥ ያለበት ትዕይንት ነው። ሙዚቃዊ ድራማ ማለት እኮ ይህ ነው። ያለ መጋረጃ፣ ያለ አልባሳት፣ በሁለት መሣሪያ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የአስናቀችን ዘፈንና ክራር ዛሬ መስማት የሚፈልግ ሰው ያገኛል። ፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮጲክስ» የተባለ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 16ኛ አልበም የእሷ ነው። በዚያ ምክንያት ቋንቋውን የማይሰሙ ሰዎች ሳይቀሩ ያውቋታል። ደስ ይለናል። ግን አንዲት የቴአትር ተማሪ መጥታ «ተዋናይቷን አስናቀችን አሳዩኝ» ብትላችሁ ምን ታሳዩዋታላችሁ? በስንት ተውኔት እንደተጫወተች፣ የትኛውን ሚና እንዴት እንደያዘችው የሚያስረዳ የተደራጀ ማኅደር በየትኛው ክፍላችሁ ነው ያለው? ድምፅዋን ያተረፉላት ሸክላና ካሴት አሳታሚዎች ናቸው። ትወናዋን ማትረፍ የቴአትር ቤቶች ድርሻ ነበር። የመጨረሻ ዓመታቷን በሕመም አሳለፈች፣ በመስከረም 2004 አረፈች። ያኔ ሁሉም ስለ ታላቅነቷ ተናገረ። እኛ የምንለው፣ ቁጭ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜው ሳለች ነበር ነው።

አባባ ተስፋዬም እንዲሁ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ነግረውበታል። ከዚያ በፊት ግን የመድረክ ሰው ነበሩ። ተጫውተዋል፣ ዘፍነዋል፣ በምትሐት ትርኢት አስደምመዋል፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው እዚያ ለዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ለቃኘው ሠራዊት፣ ትርኢት አቅርበዋል። በሐምሌ 2009 ሲያርፉ ዜናው ሁሉ ስለ ተረቱ ነበር። የመድረኩ ዘመናቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ታለፈ። የሚታይ ነገር አልነበረማ!

ሦስተኛው ጉዳይ እንጀራ ነው።

በየቤቱ ስንቀጠር መደቡ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው። ወይ ተዋናይ፣ ወይ ድምፃዊ፣ ወይ ተወዛዋዥ። ሥራው ግን ሦስቱንም ነበር። አንዲት ጓደኛችን በተወዛዋዥነት ተቀጥራ ለዓመታት ዋና ገጸ ባሕርይ እየተጫወተችና እየዘፈነች ኖረች። በፖስተሩ ላይ ፎቶዋ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ደረጃዋ ግን እስከ መጨረሻው ከተቀጠረችበት አልተነሳም። ስታመለክት «የመደብ ለውጥ በጀት የለም» ተባለች። ቀጥላ ስታመለክት ጉልበቷ ተጎድቶ መጨፈር አቅቷት ነበርና «በመደብሽ መሥራት ካልቻልሽ» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣላት። ጡረታ የሚሰላው በደመወዝ ነው። ለየትርኢቱ የምንቀበለው አበል አይቆጠርም። ስለዚህ ያ የመደብ ስህተት ዛሬም በየወሩ አብሯት አለ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ብዙዎቻችን ነን። በየትርኢቱ እየተጠሩ በአበል ብቻ የሠሩት ደግሞ ጭራሽ ጡረታ የላቸውም።

የጉልበትና የወገብ ሕመማችንን ማንም እንደ ሥራ ጉዳት ቆጥሮት አያውቅም። በእንጨት ወለል ላይ እስክስታና ዝላይ፣ በቀን ልምምድ፣ ቅዳሜና እሑድ ትርኢት፣ ከዚያ ክፍለ ሀገር በአውቶቡስ። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት እየተሯሯጥን ነበር ወደ ቤት የምንገባው። በ1980 «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ የኪነት ሰዎች ዓለምን ሲዞሩ ከየቴአትር ቤቱ የተውጣጡ ባለሙያዎች ነበሩበት። አገር በድርቁ ጊዜ ለተደረገላት ርዳታ በእኛ እግርና ድምፅ ነው ምስጋና ያቀረበችው።

አንዱ ሲታመም የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ፎቶው በስልክ ይዞራል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ከሥሩ ይጻፋል። «አንጋፋው አርቲስት የእናንተን እጅ ይሻል» ይባላል። ሕዝቡ ያዋጣል፣ እግዜር ይስጠው። ለሰላሳ ዓመት በመንግሥት ቤት ያገለገለ ሰው ግን ለኩላሊቱ እጥበት ከመንገደኛ መለመን አልነበረበትም። ይህን ማለት ያሳፍራል፤ የምናፍረው ግን እኛ ብቻ መሆን የለብንም።

ስለ መብታችን ደግሞ አጭር ነገር እንበል። አገሪቱ በ1996 የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን አውጥታለች። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ ደራሲንና አሳታሚን ብቻ ሳይሆን ከዋኞችንም፣ ማለትም መድረክ ላይ የቆምነውን፣ ያውቃል። በየዓመት በዓሉ የድሮ ሙዚቃዊ ድራማዎች ቅንጭብ በቴሌቪዥን ይታያል። በዩቲዩብም ተቆራርጦ ይሸጣል። ከእኛ ማንም አልተጠየቀም፣ ሳንቲምም አላየንም። ስንጠይቅ ጣቢያው ወደ ቴአትር ቤቱ፣ ቴአትር ቤቱ ወደ ጣቢያው ይመራናል። ውል አሳዩ ይሉናል። ውሉ ያለው እናንተው መዝገብ ቤት ነው፤ ምናልባትም ከሚወገዱት ወረቀቶች ውስጥ።

ስለ ምስክር ወረቀትና ካባ ብዙ አንልም። የቤቱ ምሥረታ በዓል ሲደርስ ትጠሩናላችሁ፣ ፊት ወንበር ላይ ታስቀምጡናላችሁ፣ ፎቶ እንነሳለን። በሚቀጥለው ሳምንት ቴአትር ለማየት ስንመጣ የበር ጥበቃው ቲኬት ይጠይቀናል። ቀድሞ የነበረን የመግቢያ ካርድ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ተሰርዟል። ነገሩ የቲኬቱ ዋጋ አይደለም። በቤቱ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ስህተት ሲሠሩ የሚነግራቸው፣ ጥሩ ሲሠሩ መጋረጃ ጀርባ ሄዶ ትከሻቸውን የሚነካ ሰው እንዳይኖር ሆነ።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ በዚህ አንጠራጠርም። ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጥንተው የመጡ ናቸው፤ እኛ ያላገኘነውን ትምህርት አግኝተዋል። ሙዚቃዊ ድራማ አዘጋጁ ሲባሉ ግን ከየት ይጀምሩ? በቅርቡ አንድ ወጣት አዘጋጅ ቤታችን ድረስ መጥቶ በቅኝት መናገር እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀን። ከሰዓቱን ሙሉ አብረን ዋልን። በራሱ ታክሲ፣ በራሱ ጊዜ ነው የመጣው። የቤቱ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ አሥር ልጆች ይማሩ ነበር።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምንጠይቀውን እንናገር። ከሁሉ በፊት የማስወገዱ ሥራ ዛሬውኑ ይቁም። ከዝርዝሩ ውስጥ ድምፅ፣ ምስል፣ ጽሑፍ፣ ፎቶና የሰው ስም ያለበት ወረቀት ሁሉ ይውጣ። አዲስ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ቢያንስ ሁለት ጡረተኛ ባለሙያ ይኑርበት። ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኞች ነን። በየሪሉ ላይ የማን ድምፅ እንዳለ፣ ዘፈኑ ከየትኛው ድራማ እንደሆነ ለይተን የምንጽፍላችሁ እኛ ነን፤ መለያ ወረቀቱ የወደቀበትን ሪል ከእኛ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ቀጥሎ ሪሎቹ ወደ ዲጂታል ይገልበጡ። ለዚህ ዕውቀቱም መሣሪያውም ካላቸው የቤተ መዛግብትና የብሮድካስት ተቋማት ጋር ስምምነት አድርጉ። እስከዚያው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ይሰጣቸው።

አንጋፋዎቹ ይቀረጹ። በዕድሜ ከገፉትና ከታመሙት ይጀመር። አንድ ካሜራ፣ አንድ ጥሩ መቅረጫ፣ ክራር ወይም ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ሰው በቂ ነው። ዝርዝራቸውን አዘጋጅተናል፣ ስልካቸውንም በእጅ እንሰጣለን።

የመደብና የጡረታ ጉዳይ በእናንተ ብቻ እንደማይፈታ እናውቃለን። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ግን አለ። እያንዳንዳችን በተግባር የሠራነውን ከፕሮግራም ወረቀቶችና ከፖስተሮች አጣርታችሁ በደብዳቤ አረጋግጡልን፤ ያንን ይዘን የሚመለከተውን አካል እንጠይቃለን። ለሕክምና ቋሚ ፈንድ ከቲኬት ገቢ ጥቂት ድርሻ እየተቆረጠ ይቋቋም። ለሥራችን ስርጭት የሚከፈል ነገር ካለ ለከዋኞች የሚደርስበትን መንገድ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ።

የመግቢያ ካርዳችን ይመለስ። በየቤቱ ለወጣቶች የምናስተምርበት ቋሚ ሰዓት ይመደብ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በቃል «እናየዋለን» መባል ይብቃን። የማስወገጃ ዝርዝሩ ይፋ እንዲሆንና ውሳኔው እስኪታይ አንድም ሪል ከመጋዘን እንዳይወጣ በጥብቅ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የሙዚቃዊ ድራማ ጡረተኛ ተዋንያንን፣ ድምፃውያንንና ተወዛዋዦችን በመወከል
የቀድሞ ተዋናይትና ድምፃዊት
አዲስ አበባ